የዋይፋያችን ቁልፍ በስንት ሰው ኪስ ውስጥ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ኮምፒውተሩ የተገናኘበትን የቤት ኔትወርክ የሚመለከቱ ናቸው። ከመካከላቸው የብዙ ሰው ጥያቄ ይሆናሉ ብለን የገመትናቸውን አምስቱን መርጠናል። የጠያቂዎቻችንን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ባሉት ግቢ ውስጥ ነው። ፋይበር ኢንተርኔት ካስገባን ሁለት ዓመት አልፎናል። የይለፍ ቃሉ የባለቤቴ ስልክ ቁጥር ሲሆን ለተከራዮቻችንም ለእንግዶቻችንም የምንሰጠው እሱኑ ነው፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ‹ዋይፋያችሁ ስንት ነው?› ሲል እንዴት ተብሎ ይከለከላል? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል። ልጄ ‹ተጠልፈናል› ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ ‹የመስመሩ ነው› ይላል። ማንን ልስማ?» — የቤት እመቤት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ወይዘሮ፣ በቅድሚያ የቤተሰቡን ክርክር ልዳኝ። ማታ ማታ የሚታይ መንቀርፈፍ ብቻውን የጠለፋ ማስረጃ አይሆንም፤ በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ስለሚከፍት መስመሩ ይጨናነቃል፣ በግቢያችሁም ውስጥ ሦስቱ ተከራዮች ከነቤተሰባቸው በአንድ ጊዜ ይጠቀማሉ። ራሳችሁ ፈቅዳችሁ ያስገባችሁት ሰው ብዛት፣ ጠላፊ ሳይጨመርበትም ኢንተርኔቱን ለማዘግየት ይበቃል። ስለዚህ በመንቀርፈፉ ጉዳይ ባለቤትዎ ሳይሻሉ አይቀሩም። በይለፍ ቃሉ ጉዳይ ግን የልጅዎ ስጋት ተገቢ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የአገራችን የሞባይል ቁጥር አሥር አኃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 09 ወይም 07 መሆናቸውን ሁሉም ሰው ስለሚያውቅ ለመገመት የሚቀሩት ስምንቱ ብቻ ናቸው፣ ይኸውም በእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን ቁጥር ማለት ነው። ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ እየጻፈ ለሚሞክር ሰው 100 ሚሊዮን ዕድሜ ልክ አያልቅም፤ ዳሩ ግን ጠላፊ እንዲያ አይሠራም። አብዛኛው ቤት በሚጠቀምበት ‹ደብልዩ ፒ ኤ 2› በተባለው የጥበቃ ሥርዓት አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ አራት አጫጭር መልእክቶችን ይለዋወጣሉ። የይለፍ ቃሉ በእነዚህ መልእክቶች ውስጥ በግልጽ አይገኝም፤ ሆኖም አጥር ጥግ ሆኖ መልእክቶቹን በላፕቶፑ የቀዳ ሰው፣ የገመተው ቃል ልክ መሆን አለመሆኑን ቤቱ ሄዶ በራሱ ኮምፒውተር ማረጋገጥ ይችላል። ሥርዓቱን የነደፉት ባለሙያዎች ይህን አስቀድመው በማሰብ እያንዳንዱ ግምት 4,096 ዙር ስሌት እንዲጠይቅ አድርገዋል፤ ይሁን እንጂ ለቪዲዮ ጌም ተብሎ የሚገዛ ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ዛሬ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግምቶችን ይፈትሻል። በሰከንድ 200 ሺህ ብቻ ቢሞክር እንኳ 100 ሚሊዮኑን በ500 ሰከንድ፣ ማለትም ከዘጠኝ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ ቡናው ገና ሳይፈላ፣ አቦሉም ሳይቀዳ ማለት ነው። የባለቤትዎን ቁጥር ስልኩ ላይ መዝግቦ ለያዘ ጎረቤት ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው። በትርጉም የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ቢደረድሩ፣ ለምሳሌ ሙቀጫ፣ አውቶቡስ፣ ሰኔ፣ ቀጭኔ፣ ቁልፍ ቢሉ፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ግን ይከብዳል፤ ርዝመቱ ከ8 እስከ 63 ምልክት ድረስ ይፈቀዳል። እኔ የጻፍኩትን ምሳሌ ግን እንዳይጠቀሙበት አደራ፤ መጽሔቱን ጎረቤትዎም ያነበዋል።

ሁለተኛው ሥራ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ራውተር ሁለት የተለያዩ የይለፍ ቃሎች አሉት፤ አንዱ ወደ ዋይፋዩ ለመግባት የሚያገለግለው ሲሆን ሌላው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው ነው። የገጹ አድራሻ በአብዛኛው 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ሲሆን፣ ከፋብሪካው መለያ ስምና የይለፍ ቃል ጋር በራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ማንኛውም ሰው ይህን ገጽ ሊከፍት ስለሚችል፣ የሚያግደው የገጹ የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ከፋብሪካው እንደመጣ ከተተወ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ‹ሚራይ› የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ዓለምን ያስደነገጠው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም። ስድሳ ያህል የፋብሪካ መለያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸውን የጥበቃ ካሜራዎችና ራውተሮች እየሞከረ ገባባቸው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህኑ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አዝምቶ ዳይን የተባለውን፣ ኮምፒውተሮችን ወደ ድረ ገጾች አድራሻ የሚመራውን የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ ብዛት በማጥለቅለቁ እንደ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ያሉ አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ዕቃቸው ዘማች መሆኑን አላወቁም።

ለአንድ ቤተሰብ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። የአንድን ድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ኮምፒውተራችን ‹የዚህ ስም አድራሻ የት ነው?› ብሎ የሚጠይቀው ዲ ኤን ኤስ የተባለ አገልግሎት አለ፤ እንደ ስልክ ማውጫ ይቁጠሩት። የትኛውን ማውጫ እንደምንጠይቅ የሚወሰነው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ነው። ያንን መስመር የለወጠ ሰው፣ እርስዎ የባንክዎን ስም በትክክል ጽፈው ሳለ የራሱን ገጽ ሊያስከፍትዎ ይችላል። ‹ዲ ኤን ኤስ ቼንጀር› በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲደረስበት ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ይዞ ነበር። ዛሬ ባንኮች የሚጠቀሙበት የተመሰጠረ ግንኙነት እንዲህ ያለውን ማታለል ስለሚያጋልጥ አሳሹ፣ ማለትም ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ የገጹ ማንነት እንዳልተረጋገጠ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው ግን ተቻኩለን ‹ቀጥል› የሚለውን እስካልተጫንን ድረስ ነው።

ወደ እንግዶችዎና ወደ ተከራዮችዎ ልመለስ። ኢንተርኔት መከልከል ነውር መስሎ በሚታይበት ግቢ ‹አትስጡ› የሚል ምክር ማንም አይከተለውም፤ እኔም አልመክረውም። ከዚያ ይልቅ አብዛኞቹ ራውተሮች ላይ የሚገኘውን የእንግዳ ኔትወርክ ይክፈቱ። የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ያለው ሁለተኛ ዋይፋይ ሲሆን፣ በእሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የእናንተን ላፕቶፕ፣ ፕሪንተርና የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ግን አያገኝም። አንዳንዶቹ ራውተሮች ለእንግዳው የፍጥነት ጣሪያ ማበጀትም ይፈቅዳሉ፤ ይህ የማታውን መንቀርፈፍም ሊፈታው ይችላል። ራውተራችሁ ይህ ከሌለው ሌላ ርካሽ ራውተር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር በኬብል ማያያዝ ይቻላል፤ ሲያያይዙ ቤተሰቡ በሁለተኛው፣ ተከራዮቹ በመጀመሪያው ላይ ይሁኑ እንጂ የተገላቢጦሽ እንዳይሆን፤ ምክንያቱም ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ያለ ሰው ወደ ፊተኛው ማየት ይችላል፣ የፊተኛው ግን ወደ ኋላ አያይም።

የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር በማስተካከያው ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ የአሁኖቹ ስልኮች ግን እውነተኛ መለያቸውን ስለሚሸሽጉ ዝርዝሩን ከሰው ጋር ማዛመድ አድካሚ ነው። በእኔ ልምድ ማን ሲጠቀም እንደኖረ የሚታወቀው የይለፍ ቃሉ በተለወጠ ማግስት በሩን ማን እንደሚያንኳኳ በማየት ነው። በተጨማሪም መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አልሠራ ካለ ልጆች በመርፌ የሚጫኗት ትንሽ ቀዳዳ እንዳለች ልብ ይበሉ፤ እሷ ለአሥር ሰከንድ ያህል ከተጫነች ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ይመለስና የተለጠፈው ወረቀት እንደገና ቁልፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ፊደል ብጽፈው የፈረንጅ ጠላፊ ስለማይገባው የተሻለ ጥበቃ አይሆንም?» — ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሐሳብህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደንቡ አይፈቅድም። ለዋይፋይ የይለፍ ቃል የተፈቀዱት በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ የሚገኙት ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ብቻ ናቸው። ከዚህ ውጪ የተቀበለ ራውተር ቢገኝ እንኳ የቤቱ ቴሌቪዥንና ፕሪንተር ‹ጸ›ን ከየት አምጥተው ይጽፉታል? ገማቹም ፈረንጅ ሳይሆን ማሽን ነው፤ ለማሽን ሁሉም ፊደል ቁጥር ነው።

የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ግን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠላፊዎች የሚጀምሩባቸው የግምት መዝገቦች በብዛት የተሰበሰቡት ከሌሎች ቋንቋዎች ተጠቃሚዎች ነውና። የታወቀ ተረትና ምሳሌ፣ የራስህን ስምና የተወለድክበትን ዓመት አትጠቀም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ‹ፀሐይ›ን ወይም ‹ቅጠል›ን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም በየፊናችን ስለምንጽፍ እናትህ የጻፈችው ካንተ ሊለይ ይችላል። አንዴ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ሩቅ አገር ያለ ጠላፊ ቁም ሣጥናችሁን አይከፍትም።

ፊደላችንን ከወደድክ ለዋይፋዩ ስም አድርገው። ስሙ እስከ 32 ባይት (ባይት ኮምፒውተር የጽሑፍን መጠን የሚለካበት ነው) ሊይዝ ይችላል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ አሥር ፊደል ድረስ ይገባልሃል። የአባትህን ስምና የቤት ቁጥራችሁን ግን አታስገባበት።

ጥያቄ፦ «ታናሽ ወንድሜ የኮምፒውተር ነገር ያውቃል። የዋይፋያችን ስም እንዳይታይ ደብቆታል፣ የተመዘገቡ ስልኮች ብቻ እንዲገቡም አድርጓል። ‹ከእንግዲህ የይለፍ ቃል አያስፈልግም› ብሎ አጥፍቶታል። ይህ በቂ ነው?» — አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ በቂ አይደለም፤ የይለፍ ቃሉን ዛሬ ማታውኑ ይመልሱት። የይለፍ ቃል የሌለው ዋይፋይ ምስጠራም የለውም፤ በአየር ላይ የሚሄደው ሁሉ አጠገባችሁ ላለ ሰው ክፍት ነው።

ወንድምዎ የደከመባቸው ሁለቱ ነገሮች የሚሰጡት ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው። ስሙ ቢደበቅም ስልክዎ ለመገናኘት ሲል ስሙን መጥራት ስለሚኖርበት፣ የሚያዳምጥ ሁሉ ይሰማዋል፤ ይባስ ብሎ የስልኩ ሥርዓት የቆየ ከሆነ በየሄዱበት ካፌና ታክሲ ሁሉ ‹እገሌ የሚባል ዋይፋይ አለህ ወይ?› እያለ ሲጣራ ይውላል። የተመዘገቡ ስልኮችን በተመለከተም፣ መሣሪያው የሚታወቅበት ቁጥር ሳይመሰጠር በየመልእክቱ ላይ ስለሚጻፍ ሰምቶ መቅዳትና መልበስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 እና ከ2020ው አይ ኦ ኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮቹ ራሳቸው ይህን ቁጥር በዘፈቀደ ይፈጥራሉ፤ ስለዚህ ምዝገባው የሚያስቸግረው ጠላፊውን ሳይሆን ልጆችዎን ነው።

ወንድምዎ ጊዜ ካለው ‹ደብልዩ ፒ ኤስ› የሚለውን ያጥፋልዎ። ይህ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ በስምንት አኃዝ ቁጥር ለመገናኘት የተፈጠረ ዘዴ ነው። ስምንት አኃዝ፣ ቀደም ሲል እንዳየነው፣ 100 ሚሊዮን አማራጭ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አኃዝ ከሌሎቹ ሰባቱ ተሰልቶ የሚገኝ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ራውተሩ የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ልክ መሆናቸውን ለብቻ፣ የቀሩትን ለብቻ መመለሱ ነው። ስለዚህ 10,000 እና 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃል፤ ይህም በሰዓታት ያልቃል። ድክመቱ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ሲሆን፣ አማራጩ እስከ ዛሬ በብዙ ራውተሮች ላይ ይገኛል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ የአገር ቤት ቻናሎችን እንድታይ ብዬ ‹ወርሃዊ ክፍያ የሌለው› የተባለ ርካሽ የቲቪ ቦክስ በኢንተርኔት ገዛሁላት። ስተክለው ሌላ የመተግበሪያ መደብር እንድጭንና ጎጂ መተግበሪያዎችን የሚከላከለውን የጎግልን ‹ፕሌይ ፕሮቴክት› እንዳጠፋ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ። ከጥቂት ወራት ወዲህ በላፕቶፔ ስሠራ ድረ ገጾች ‹ሰው መሆንሽን አረጋግጪ› እያሉ ያስቸግሩኛል። ግንኙነት ይኖረው ይሆን?» — ነርስ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል፤ ቦክሱን ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ቢነቅሉት ደስ ይለኛል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ‹ባድቦክስ 2.0› ስለተባለ የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከምልክቶቹ መካከል የጠቀሳቸው ልክ እርስዎ የገለጹልንን ይመስላሉ፦ ስሙ የማይታወቅ አምራች፣ የሚከፈልበትን ነገር በነጻ አሳያለሁ የሚል ቦክስ፣ ከተለመደው ውጪ የሆነ የመተግበሪያ መደብር፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፉ የሚል ጥያቄ። ጎጂው ፕሮግራም በአንዳንዶቹ ላይ ዕቃው ገና ሳይሸጥ ተጭኖ ይመጣል፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በተከላው ወቅት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያም ‹ቲ 95› በሚል ስም በሚሸጥ ቦክስ ላይ ይኸው ተመሳሳይ ነገር ተገኝቶ ነበር።

ቦክሱ እናትዎን ቴሌቪዥን እያሳየ ከጀርባ የሚሠራው የቤትዎን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው ማከራየት ነው። ያ ሰው ሐሰተኛ አካውንት ሲከፍት፣ የሌሎችን የይለፍ ቃል ሲሞክር ወይም ማስታወቂያ በሐሰት ሲጫን፣ ድርጊቱ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ቤትዎ የመጣ ይመስላል። ድረ ገጾቹ እርስዎን መጠራጠር የጀመሩት ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ቦክሱ የተቀመጠው ከራውተሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ከሥራ ላፕቶፕዎ ጎን ነው፤ ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ቢከለክልም ቀድሞውኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ የሚደውለውን አይከለክልም።

ቦክሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ አያዋጣም፤ ተንኮሉ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የተጻፈ ከሆነ ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። ይጣሉት እንጂ ለዘመድ አይስጡት። በቦክሱ ላይ ያስገቡት የጎግል አካውንት ካለ የይለፍ ቃሉን ከሌላ መሣሪያ ላይ ይለውጡ፤ ለመሥሪያ ቤትዎ የኮምፒውተር ክፍልም ይንገሩ፣ ሰምተው ላፕቶፑን ቢመረምሩት ይሻላል። እናትዎ ቅር እንዳይላቸው ደግሞ ጎግል ያረጋገጠው መሣሪያ ይግዙላቸውና ዩቲዩብን ያሳዩአቸው፤ ብዙዎቹ የአገር ቤት ጣቢያዎች ዝግጅታቸውን እዚያ ያቀርባሉ። አዲሱንም ቢሆን በእንግዳ ኔትወርኩ ላይ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ «አጎቴ ከዱባይ ሲመጣ ያገለገለ ራውተር ይዞልኝ መጣ። የጥበቃ ዓይነት ምረጥ እያለ አራት አምስት አማራጭ ያሳየኛል። የትኛው ይሻላል? ዕቃውስ ያገለግላል?» — ነጋዴ፣ ከጅማ

መልስ፦ ከአማራጮቹ ውስጥ ‹ደብልዩ ፒ ኤ 3› ካለ እሱን፣ ከሌለ ‹ደብልዩ ፒ ኤ 2›ን ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ‹ደብልዩ ኢ ፒ› በ2001 የተሰበረ ሲሆን ዛሬ በደቂቃዎች ይከፈታል፤ በ2003 የመጣው የመጀመሪያው ‹ደብልዩ ፒ ኤ› ሁነኛው እስኪደርስ የተሠራ ጊዜያዊ መፍትሔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ ለአዲስ አበባዋ ጠያቂያችን የገለጽኩትን፣ መልእክት ቀድቶ ቤት ሄዶ የመገመት ዘዴ ይዘጋል። አንዳንድ የቆዩ ስልኮች ሦስተኛውን ስለማያውቁት ሁለቱን በአንድነት የሚቀበለውን ቅይጥ አማራጭ መምረጥ ይቻላል።

ዕቃው ያገለግላል ወይ ለሚለው፣ መልሱ ያለው በአምራቹ ዘንድ ነው። ራውተር ራሱን የቻለ ኮምፒውተር በመሆኑ የሚሠራበት ሶፍትዌር ቀዳዳ በተገኘበት ቁጥር መደፈን አለበት፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 በራሱ በ‹ደብልዩ ፒ ኤ 2› ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ የተዘጋው በማዘመኛዎች ነው። በቀጣዩ ዓመት ‹ቪ ፒ ኤን ፊልተር› የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች በ500 ሺህ ያህል ራውተሮችና መሰል መሣሪያዎች ላይ በተገኘ ጊዜ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ጠይቆ ነበር፤ ማጥፋቱ የፕሮግራሙን ከፊል ክፍል ቢያስወግድም ሥሩ ይቀር ስለነበር ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስና ማዘመን የግድ ሆኗል። እርስዎም የዕቃውን ሞዴል ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። የመጨረሻው ማዘመኛ ከወጣ ብዙ ዓመት ካለፈው፣ የአጎትዎን ስጦታ በምስጋና መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል። ማዘመኛ ካለው ግን በቅድሚያ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት፣ ያዘምኑት፣ የማስተካከያ ገጹን የይለፍ ቃል ይለውጡ፣ ከሩቅ ሆኖ ማስተካከልን የሚፈቅደውንም አማራጭ ይዝጉ።

አሁን የሚጠቀሙበትን ራውተር ለሌላ ሰው ለመስጠት ወይም ለመሸጥ ካሰቡ ያቺን የመርፌ ቀዳዳ ሳይጫኑ ከእጅዎ እንዳይወጣ። የዋይፋይዎ የይለፍ ቃል በውስጡ ተቀምጧል፤ በስልክ መስመር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የመስመርዎ መለያ ስምና ቁልፍም አብረው አሉ።